ጎጃም ውስጥ ሥዕል የሚያጠና ተማሪ ምን ይጠይቅ?

የምረቃ ሰሞን ሲቃረብ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እጃቸው አያርፍም። የመመረቂያ ጽሑፍ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ከርዕሶቹ መሀል አንዱ ዓይነት ለእኔ ቢጤው የሥዕል ወዳጅ ደስ ይላል፦ «የሥነ ጥበብ አሠራርና የጋለሪዎች ሚና»፣ ከዚያ የከተማው ስም። ደስታዬ ግን ገጹን እስክገልጥ ድረስ ነው። ግኝቱን ሳላነበው አውቀዋለሁ። ጋለሪ የለም፤ ካለም በቂ አይደለም፤ ኅብረተሰቡ ስለ ሥነ ጥበብ ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው፤ የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ። (ይህ የሚመለከተው አካል ግን ማን ይሆን? በስንቱ ጥናት ተጠርቶ አንድ ቀን እንኳ «አቤት» ሲል አልተሰማም።)

ጥፋቱን ሁሉ ተማሪው ላይ መጫን አይገባም። ጊዜ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ አማካሪውም ብዙ ተማሪ ተሸክሟል። ስለዚህ መጠይቅ ይበትናል። ሰዓሊው ፊት አንድ ወረቀት ይቀመጣል። «ጋለሪ ለሥነ ጥበብ ዕድገት አስተዋጽኦ ያደርጋል።» በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ፣ አልስማማም። እስቲ የትኛው ሰዓሊ ነው አልስማማም የሚለው? ብሩሹን አስቀምጦ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ራይት ያደርግና ወደ ሥራው ይመለሳል። ተማሪውም በፐርሰንት አስልቶ ሠንጠረዥ ይሠራበታል። እዚያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ሥዕል ለማን እንደተሣለ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ ሸራው ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ጎጃም ውስጥ ሥዕል የሚያጠና ተማሪ የጋለሪን አለመኖር ማጥናቱን ይተው። ጋለሪ ቢኖር ኖሮ ይሠራው ከነበረው ሥራ አንዱን ራሱ ይሥራ። ይመዝግብ።

ጋለሪ ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ጋለሪ ይመርጣል። ገዢና ሰዓሊ ያገናኛል። ዋጋ ይተምናል፣ ከሽያጩም ድርሻውን ይወስዳል፤ አንዳንዱ ጋ ድርሻው እስከ ግማሽ ይደርሳል። ይህ እንኳ ብዙ ጊዜ ይወራል። የሚረሳው መዝገቡ ነው። ደህና ጋለሪ እያንዳንዱን ሥዕል ማን ሣለው፣ መቼ፣ በምን ቀለም፣ በምን ላይ፣ መጠኑ ስንት በስንት ነው፣ ማን ገዛው ብሎ ይጽፋል። ኤግዚቢሽን ሲከፍት ካታሎግ ያሳትማል። ሰዓሊው ካለፈ በኋላ ስለ ሥራው መጻፍ የሚፈልግ ሰው የሚነሣው ከዚያ ወረቀት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ቢያንስ ተጀምሯል። ሰዓሊው አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ዛሬ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። አስኒ ጋለሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀመረ፣ ዞማ ሙዚየም ደግሞ በ2019። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ በቬኒስ ቢያናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን (የአገር ማሳያ) ይዛ የሰዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራዎች አሳየች። ጥሩ ነው፣ ያኮራል። ግን ይህን ሁሉ በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ላይ ደርድሮ፣ የአዲስ አበባን መለኪያ ይዞ ጎጃም የወረደ ተማሪ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። የሚፈልገው ነጭ ግድግዳና የመክፈቻ ምሽት ነዋ።

ጎጃም ሥዕል አጥቶ አያውቅም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ መውረድ ነው። ከቡናው ጥላ ሥር ያለውን አቀበት ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መግባት። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ መሀሉ ላይ ያለው መቅደስ ደግሞ አራት ማዕዘን፤ አራቱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳልተሣለ ይታያል። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው በጭቃው ምርግ ላይ የተለጠፈው። አንዱ ጨርቅ ከሌላው የተጋጠመበት መስመር አለ። ጻድቃኑ ፊታቸውን ሙሉ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። በላዔ ሰብእም አለ። ያን ሁሉ ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለማኝ በሰጣት እፍኝ ውሃ ነፍሱ ስትድን።

አሁን «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» የሚለውን ግኝት ይዘን እዚህ ግድግዳ ፊት እንቁም። ነጠላዋን አጣፍታ ከጎናችን የምትሳለም እናት የበላዔ ሰብእን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ትተነትነዋለች። ማን ምን እንደያዘ፣ ለምን እንደያዘ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን። የኤግዚቢሽን አስጎብኚ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ተማሪው ለእሷ መጠይቅ ቢሰጣት ግን «ጋለሪ ጎብኝተው ያውቃሉ?» ነው የሚላት። «አላውቅም» ትላለች። ሠንጠረዥ ውስጥ ትገባለች።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራች ናት። እቴጌይቱ ራሳቸው ልጇን ከታቀፈችው ድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ማን እንዳሠራ ለማወቅ ሊቅ መጠየቅ አያስፈልግም። በየቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው፤ ከሥዕሉ ግርጌ እገሌ ከነባለቤቱ ያሠራው ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። የሣለው ሰው ስም ግን የለም። አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚገኘው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሰዓሊ ፍሬ ጽዮን ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው። ከእሱ በፊትም በኋላም ስንት ፍሬ ጽዮን አልፎ ይሆን?

ይህ የድሮ ጣጣ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆመን ሥዕሉን ማን ሠራው ብንል መልሱ «ማኅበሩ ነው ያሠራው» ነው። ሰዓሊውስ? «አንድ ልጅ ነው፣ ከወዲያ የመጣ መሰለኝ።» ልጁ ገና በሕይወት አለ፤ ስልክ አለው፤ ምናልባት ከሁለት ከተማ ወዲያ ሌላ ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ቆሟል። ሦስትና አራት መቶ ዓመት ያለፈውን ስም መመለስ አንችልም። የእሱን ግን ማን ከለከለን?

ደግሞ የሚያስቸኩል ነገር አለ። የነተበ ሥዕል ሲታይ ደግ አሳቢ ምዕመን ገንዘብ ያዋጣና በላዩ ላይ በዘይት ቀለም ያስደግመዋል። ሥዕሉ ያበራል፣ የድሮው እጅ ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ባነር ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕል በፕላስቲክ ላይ ታትሞ ይሰቀላል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። በአደባባዩም ያው ነው። የሻይ ቤቱን ስኒና ጀበና፣ የፀጉር ቤቱን ጎፈሬ በቀለም ይሥሉ የነበሩ የታፔላ ሰዓሊዎችን ሥራ ማተሚያው ወስዶታል። እነዚያ ሰዎች የከተሞቻችንን መልክ የሠሩ ናቸው። ዛሬ ግማሾቹ ቀለም ቀቢ ሆነዋል፣ ግማሾቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ለቱሪስት እየሣሉ ባሕር ዳር ላይ ይኖሩ የነበሩትም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት ገዢ ርቋቸዋል። ይህን በስም፣ በሥራና በዋጋ የያዘ ጥናት ቢኖር ምንኛ በጠቀመ።

ተማሪው ታዲያ ምን ይዞ ይሂድ? ሜትር፣ ስልኩን፣ አንድ ደብተር። ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ገጽ። የሰዓሊው ስም ከነአባቱ፣ ከማን እንደተማረ፣ ሥዕሉ የተሠራበት ዓመት፣ ሸራ ይሁን አቡጀዴ ይሁን ቆዳ፣ ቀለሙ የተገዛበት ከተማ፣ መጠኑ፣ ያዘዘው ሰው፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ አሁን ያለበት። ከማን እንደተማረ የሚለው በተለይ አይዘለል። ምሥራቅ ጎጃም ያለውን ዲማን በመሰለ የቅኔ አገር ቁም ጽሕፈትና የሐረግ (የብራና ጌጥ) ሥራ ከየኔታ ወደ ተማሪ የሚወርድ ነገር ነው። ብራናውን ማዘጋጀት፣ ከጥቀርሻ ጥቁሩን ቀለም ማውጣት፣ ሐረጉን መጎንጎን። ይህ የትውልድ ሰንሰለት ጋለሪ ቤትም አልተመዘገበም፣ ዩኒቨርሲቲ ቤትም።

ዋጋ ሲጠየቅ ችግር አለ። ደብተር ይዞ «ስንት ሸጡት?» የሚል ወጣት ከገቢዎች የመጣ ነው የሚመስለው። ሰዓሊው ይሽኮረመማል፣ ወይ ግማሹን ይነግረዋል። ስለዚህ ከዋጋ አይጀመርም። «ጋሼ፣ ይቺን ለመጨረስ ምን ያህል ፈጀብዎት?» ነው የመጀመሪያው። ስለ ሥራው ድካም ማውራት የሚጠላ ባለሙያ የለም። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ዋጋው ራሱ ይወጣል። ካልወጣም ይቅር፤ ባዶ ቦታ ከውሸት ቁጥር ይሻላል።

ሌላም አለ። የጣና ገዳማት የሆኑት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም፤ ሥርዓታቸው ነው። ዑራና ናርጋ ግን ይቻላል። እንግዲህ ርዕስ ሲሰጥ አማካሪው ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት። ሴቷ ተማሪ ጀልባ ተከራይታ ሄዳ ወደብ ላይ ከምትቀር፣ ሁለት ተማሪዎች ተጣምረው ቢሠሩ ምን አለበት? መመሪያው የግል ሥራ ነው ይላል ይሉኛል። መመሪያ የሰው ሥራ ነው፣ ይሻሻላል።

የቅርስ ሌባ ነገርም አለ። ፎቶና ልክ የተያዘለት ሥዕል ቢሰረቅ የእኛ ነው ብሎ ማስመለስ ይቻላል፤ ያልተያዘለት ግን ከአገር ከወጣ ማን ይመሰክርለታል? በአንጻሩ ዕቃ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር የሚዘረዝር ጥናት ለሌባ ካርታ ነው። ፎቶው ይግባ፣ የማስቀመጫው ዝርዝር ይውጣ። አባ ቄሰ ገበዙም የሚፈሩት ይህንኑ ነውና፣ ቀድሞ ቢነገራቸው በሩ ይከፈታል።

የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቅጽ ቢስማሙ በየዓመቱ የሚጻፈው ወረቀት እርስ በርሱ ይገጥማል። አንዱ ተማሪ የጀመረውን ሰዓሊ ሌላው ይቀጥለዋል። ብዙ በጀት አይጠይቅም። ከተጠረዘው አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለደብሩ ይሰጥ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለሰዓሊው ይድረሰው። አዲስ አበባ ላለ ጋለሪ ሥራውን ሊያሳይ ሲሄድ፣ ወይም የሆቴል ግድግዳ ጨረታ ሲወጣ፣ ስልኩ ላይ ካለው ፎቶ የተሻለ የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል።