ማኅተሙ ወረቀቱን እንጂ ዘይቱን አያውቀውም

የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ እንደ ፓልም ዘይት ያለ ሸቀጥ እንዳይገባ የሚያግደውን ሕጉን ለሁለተኛ ጊዜ ገፋው፤ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች እስከ 2026 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ። ከመገፋቱ በላይ የሚያናድደው ማጽናኛው ነው፦ «እስከዚያው የዘላቂ ፓልም ዘይት ሰርተፊኬት አለ አይደል?»

አለ። እስቲ የብስኩቱን እሽግ ገልብጡና የሰርተፊኬቱን ደንብ ያወጣውን ማኅበር፣ የአር.ኤስ.ፒ.ኦን ማኅተም ፈልጉ። «ሚክስድ» (ቅልቅል) የሚል ቃል ካለበት፣ ምርቱ ለተመሰከረለት ዘይት ምርት «አስተዋጽኦ ያደርጋል» ማለት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ከየት እንደመጣ ማኅተሙ ራሱ አያውቅም!

አሠራሩ «ማስ ባላንስ» ይባላል። አንድ መጭመቂያ ከተመሰከረለት እርሻ 500 ቶን፣ ካልተመሰከረለት ደግሞ 4,500 ቶን የፓልም ዘለላ ገዛ እንበል። ሁሉም አብሮ ይቀቀላል፣ አብሮ ይጨመቃል፣ አንድ ታንከር ውስጥ ይገባል። ከአምስት ቶን ዘለላ አንድ ቶን ያህል ዘይት ስለሚወጣ 1,000 ቶን አገኘ። ከዚያ 100 ቶኑን «የተመሰከረለት» ብሎ ይሸጣል። የትኛውን 100? የፈለገውን። ጤፍና ማሽላ አንድ ላይ አስፈጭቶ፣ ከአሥሩ እንጀራ አንዱን «ንጹሕ ማኛ» ብሎ መሸጥ ማለት ነው።

ለምን አይለዩትም? ዘለላው ከተቆረጠ በአንድ ሁለት ቀን ካልተቀቀለ አሲዱ ይጨምርና ዋጋው ይወድቃል። ሰብሳቢው ከብዙ ትንንሽ ማሳዎች ለቃቅሞ፣ በአንድ መኪና ጭኖ ቅርብ ወዳለው ፋብሪካ ይሮጣል። ሚዛን ላይ ኪሎውና የመኪናው ሰሌዳ ይመዘገባል፤ የማሳው ቦታ ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። የተመነጠረው ደን የሚጠፋው እዚያች ሚዛን ላይ ነው።

ክሬዲቱ፣ ከዘይቱ ተለይቶ ለብቻው የሚሸጠው ምስክርነት፣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ብስኩት አምራቹ ዘይቱን ከየትም ይገዛል፣ ለአንድ ቶን አንድ ክሬዲት በኢንተርኔት ይሸምታል፣ አለቀ።

«ኦዲተር አለ» ይሉናል። የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ተመርማሪው ነው። በ2020 የአሜሪካ ጉምሩክ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አሉበት ብሎ የማሌዥያውን ኩባንያ የሳይም ዳርቢ ፕላንቴሽንን ዘይት ሲያግድ፣ ኩባንያው ከተመሰከረለት ዘይት አምራቾች ሁሉ ትልቁ ነበር። እገዳው በ2023 ተነሥቷል፤ ያ ሁሉ ኦዲት ግን ከጉምሩክ ቀድሞ የት ነበር?

ተለይቶ የሚጓዘው፣ «ሴግሪጌትድ» የሚሉት፣ የተሻለ ነው። የደን ምንጠራን የሚከለክለው የ2018ቱ የአር.ኤስ.ፒ.ኦ ደንብም ወረቀት ላይ ያምራል።

የተገፋው ሕግ ግን የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ ይጠይቃል፣ ምንጩ ካልታወቀ ዘይት ጋር መቀላቀልንም አይፈቅድም። ማስ ባላንስ እዚያ ፊት አይቆምም። የተሰጠው ሰበብ የኮምፒውተሩ ሥርዓት ጭነቱን አይችልም የሚል ነው። ክሬዲት ለመሸጥ ሲሆን ግን ኮምፒውተር ጠፍቶ አያውቅም።