ቪ8 ተከራይቶ ለሚገባው ወንድማችን የቀረበ ውዳሴ

አገራችን ጀግና አታጣም። ጀግናን ማመስገን ላይ ግን ትንሽ እንሰስታለን። ዛሬ ይህን ጉድለት በበኩሌ ልሙላ ብዬ ተነስቻለሁ። የማመሰግነው ከዋሽንግተን፣ ከሚኒሶታ ወይም ከስቶክሆልም መጥቶ፣ ቦሌ ከአውሮፕላን እንደወረደ ቪ8 ላንድክሩዘር ተከራይቶ ወደ እናቱ ቤት የሚገባውን ወንድማችንን ነው። እህቶቻችንም አይታጡበትም። ቁጥራቸው ለምን እንደሚያንስ እነሱን ጠይቁ።

በመጀመሪያ ጥንቃቄውን አድንቁልኝ። የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ከመሃል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ሲያርፍ ወንድማችን የጓደኛውን አሮጌ ኮሮላ ጠብቆ ነው የሚሄደው። ካልመጣም በባቡር ይገባል። ቦሌ ግን ከተማው ውስጥ ነው። ከተርሚናሉ በር እስከ መስቀል አደባባይ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ መብራቱም ደምቋል። ለዚህች መንገድ ወንድማችን በረሃና ተራራ እንዲያቋርጥ የተሠራ መኪና መረጠ። ምን ይታወቃል? በወሎ ሰፈርና በኦሎምፒያ መካከል ድንገት ዳሎል ቢገጥመውስ?

ቀጥሎ የፊልም ጥበቡ ይመስገን። ዘመድ አዝማድ አበባ ይዞ ፓርኪንጉ ጋ ይጠብቃል። አንዱ የአጎት ልጅ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ወንድማችን መነጽሩን አድርጎ ይወጣል፤ እየተቃቀፈ እያለቀሰ ወደ መኪናው ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ሙያው። የተከራየ መኪና አረንጓዴ ኮድ 3 ታርጋ አለው። የግል መኪና ደግሞ ሰማያዊ ኮድ 2 ነው። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሕፃን የለም። ስለዚህ ቀራጩ ካሜራውን ከጎማው ይጀምርና በበሩ በኩል አድርጎ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ታርጋ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስልም። አንዳንዱ ጭራሽ አበባውን ታርጋው ላይ ያስደግፋል። እንዲህ ያለ የካሜራ ሰው በየትኛው ትምህርት ቤት ይገኛል? ገንዘብ የተረፈው ደግሞ ደላላውን «ኮድ 2 ፈልግልኝ» ይላል። ደላላው ይፈልጋል። ኪራዩ ይጨምራል፤ ግን ለሰማያዊ ቀለም ያልከፈልን ለምን ልንከፍል ነው?

አሁን ሰፈር እንግባ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ሰፈሩ ሽሮ ሜዳ ወይም ጉለሌ ነው እንበል። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ሁለት ባጃጅ ሲተላለፍ አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ቪ8ቱ አፍንጫውን አስገባ። በቀኝ የግንብ አጥር፣ በግራ የድንች መደብ አለ። ባለ ድንቿ እቃዋን አነሳች። አንድ አህያ ከነጭነቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። የሰፈር ልጆች «ና! ና! ቁም! ትንሽ ወደ ግራ!» እያሉ ያስገባሉ። ሃያ ሜትር ሲቀረው መኪናው አልፈልግም አለ። ቆመ። መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ ውሃ የጫነ ጋሪ አለ፤ ከፊት የለቅሶ ድንኳን የሚያመጡ የእድር ሰዎች አሉ። ማንም ግን አልተቆጣም። እንዲያውም ሁሉም ፊቱን አብርቶ ቆሞ ያያል። ከተማው በኮሪደር ልማት መንገድ ሲያሰፋ ወንድማችን ደግሞ አንዱን መንገድ ዘግቶ ሕዝቡን አገናኘ። ሁለቱም ልማት ነው።

እናቱ በሐበሻ ቀሚስ ሆነው ወጡ። እልልታው ቀለጠ። ልጃቸውን ሲያዩ እግራቸው ከዳቸው፤ ተላቀሱ፤ ተቃቀፉ። ይህን የሚያሾፍበት አንጀት የለኝም። ከዚያ ግን ልጁ «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን በመኪናው እንሂድ» አላቸው። እማማ መኪናውን ቀና ብለው አዩት። መርገጫው ከጉልበታቸው ሊስተካከል ትንሽ ነው የቀረው። አንዲት ጎረቤት ሮጣ ዱካ አመጣች። ዱካው ላይ ቆሙ። ሁለት ጎረምሶች በብብታቸው ደገፏቸው፤ አንዷ ልጅ ነጠላቸውን ሰበሰበች። ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። እማማ በየእሁዱ በከዘራቸው የሚሄዱበት መንገድ ነው። ዛሬ ግን ዱካው ጭምር ተጭኖ ሄደ፤ መውረጃውም ያስፈልጋላ!

ሹፌሩን ካላመሰገንኩ ኃጢአት ይሆንብኛል። አብዛኛው ኪራይ ከነሹፌሩ ነው። ወንድማችን መንገድ ላይ ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እናቴ ከጠየቁህ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነኝ በላቸው፤ መኪናውም የኛው ነው» ይለዋል። ሹፌሩ «ችግር የለም» ይላል። እሱ ይህን ሥራ ለምዶታል። የእኛ እናት ግን ቀላል መርማሪ አይደሉም። ዶሮውን እየጨመሩለት፣ «ብላ እንጂ ልጄ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ? አባትህ አገራቸው የት ነው?» ይሉታል። ሹፌሩ ሳያንገራግር አባት ይሰጣል፤ አያት ይጨምራል። አንዳንዴ የፈጠረው አያት የእማማ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ እቅፍ ነው፤ ሁለተኛ ዙር ዶሮ ነው። ባለፈው ዓመትም እዚሁ ሰፈር፣ ሦስት ቤት ወደ ታች፣ ለሌላ ዲያስፖራ የአክስት ልጅ ነበር። ያዩት ጎረቤቶች አሉ። ዝም አሉ። የዶሮ ወጥ በሚበላበት ቤት እውነት ማውራት ደግ አይደለም።

እንግዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉን ያውቃል። ኪራዩንም፣ ቀኑንም፣ የደላላውን ስምም። ወንድማችን እዚያ ማዶ ሊፍት የሚባለውን በስልክ የሚጠራ ታክሲ እንደሚነዳ፣ ሌሊት ሌሊት ሰው ከደለስ ወደ ሆቴል እንደሚያመላልስም ያውቃል። ክቡር ሥራ ነው፤ የዚህን ቤት ቆርቆሮ የቀየረውም የእህቱን ልጅ ያስተማረውም ያ ሥራ ነው። ስለሱ ግን ማን ያወራል? ምሽት ላይ በረንዳው ላይ የሚወራው ስለ ቪ8ቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፊት ወንበር ተቀምጦ ሌላውን የሚነዳ ሰው ለሦስት ሳምንት ኋላ ወንበር ቢቀመጥ ማን ይቀየመዋል?

የኢኮኖሚ ጥቅሙንም አንርሳ። ላቫጆው መኪናውን አይቶ የማጠቢያውን ዋጋ ያሻሽላል። የፓርኪንግ ልጁ ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል። በግ ነጋዴው ቪ8ቱ ሲቆም በጉን እንደገና ያየውና እንደወፈረ ያስተውላል። የናፍጣ ወረፋው ደግሞ ሌላ በረከት ነው። ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው። ወንድማችን ኪሱ ዶላር እንጂ ቴሌብሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ይከፍላል። ማታ ሲተሳሰቡ ሒሳቡ ትንሽ እንደ በጉ ወፍሮ ይገኛል። ዘመዱም አይቀርም። በኮሮላ ቢመጣ «እንኳን በሰላም መጣህ» ብለው የሚሸኙት አጎት፣ ቪ8ቱን ሲያዩ ያቋረጡት የቤት ግንባታ ትዝ ይላቸዋል።

ሁሉም ግን እንደሱ አስተዋይ አይደለም። አንዳንዱ ራሴ ካልነዳሁ ይላል። የአሜሪካ መንጃ ፈቃዱን ለማስቀየር ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የእረፍቱ ግማሽ ያልቃል። ሲሳካለት መገናኛ ላይ ታክሲዎቹ ቅድሚያ እስኪሰጡት በትህትና ይጠብቃል። እስካሁን እየጠበቀ ይሆናል።

ሌላው ደግሞ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ቢዋይዲ ይከራያል። እርግጥ መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ወጪውም ይቀንሳል። ግን እስቲ አስቡት። ድምፅ የላትም። ሰፈር ስትገባ ውሻ እንኳን አይነሳም። እናት ወጥ ቤት ሆነው ሳይሰሙ ልጁ በር ላይ ይደርሳል። ያለ እልልታ! ከአሥር ዓመት በኋላ አገሩ የገባ ሰው እንደ ቆጣሪ አንባቢ በር አንኳኩቶ ሊገባ ነው? ቪ8 ግን ናፍጣውን እያጨሰ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ነው ሰፈሩ ነጠላውን የሚያነሳው። አዲስ እንዳይገባም ስለተከለከለ ያሉትን እንደ ቅርስ መጠበቅ አለብን። ከጠባቂዎቹ ውስጥ ግንባር ቀደሙ ወንድማችን ነው።

ለመጪው ገናና ጥምቀት የምትመጡ ካላችሁ ከአሁኑ ለደላላው ደውሉ። ጥቁሩ ቀድሞ ያልቃል፤ ነጩንም አትናቁ። መያዣ ይጠይቃችኋል፤ የሹፌር አበልም አለ። በቀን የምትሄዱት ኪሎ ሜትርም ገደብ አለው፤ ከሽሮ ሜዳ ሽሮ ሜዳ ለሚመላለስ ግን ይበቃል። «ቪትዝ አለኝ፣ ሰፈራችሁም ድረስ ትገባለች» ካላችሁ ስልኩን ዝጉበት። ዱካ ግን ከእናታችሁ ቤት እንዳለ አረጋግጡ።