የስኳር ውሃው ሃሚንግበርዶችን ከጉዟቸው አያስቀርም

ቴክሳስ ውስጥ ሂውስተንና ጋልቬስተን ሆናችሁ ለሃሚንግበርዶች፣ የአበባ ወለላ ለሚጠጡት ትንንሽ ወፎች፣ የስኳር ውሃ በመጠጫ ለምትሰቅሉ፦ «የስኳር ውሃውን በመስከረም ካላወረዳችሁ ሃሚንግበርዶች ሳይሰደዱ ቀርተው በብርድ ያልቃሉ» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። ለወፎቹ ከማሰብ የመጣ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ለጉዞ የሚያነሳሷቸው በዋናነት የቀኑ ማጠርና የሰውነታቸው ለውጥ ናቸው። ምግብ ስላገኙ አይቀሩም። በብርዱ ወራት ከምታዩዋቸው ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ሩፈስ የሚባለውን ዝርያ ውሰዱ፤ እስከ ደቡብ አላስካ ድረስ ይራባል፣ ከፊሉም ብርዱን እዚሁ ባሕር ዳርቻ ያሳልፋል። ደስ የሚል እንግዳ ነው!

ራሳችሁ አረጋግጡ። መጠጫውን ሞልታችሁ ተዉት። ወንዶቹ ጉሮሯቸው ቀይ የሆኑት የበጋ ወፎች አብዛኞቹ እስከ ኅዳር ድረስ ይሄዳሉ።

ጉዳቱ መጠጫውን በማውረድ ነው። ውርጭ አበባውን ሲያቃጥል፣ ነፍሳትም ሲጠፉ፣ ወፏ ጠዋት የምትቀምሰው ታጣለች። እባካችሁ አታውርዱት። ሌሊቱ በረዶ ከሆነ ቤት አስገቡትና ሳይነጋ መልሳችሁ ስቀሉት።