የካቲት ላይ ወንዝ አይሻገሩም

የነገሩ መነሻ ባለፈው ወር ዕቁብ የደረሳቸው ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። "የዘንድሮውን ብር ቤት ማደሻ አናደርገውም፤ የታንዛኒያን የአውሬ ፓርክ፣ ሰረንጌቲን፣ ሳናይ አንሞትም" አሉ። የዓመት ፈቃዳቸው የወጣው ለየካቲት ነው። ዕቁባችን በሚጣልበት ቤት ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን እንደሰማን ሁላችንም መካሪ ሆንን።

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው አንድ የባንክ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታንዛኒያ ሄዶ ሁለት ቀን ቆይቶ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዱር አውሬ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። ስልኩን አወጣና ዕቅዱን ያነብላቸው ጀመር። አንደኛው ቀን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ ማረፍ፣ በአሩሻ ከተማ አድርጎ ንጎሮንጎሮ፣ በገደል የተከበበው ጎድጓዳ የአውሬ ሥፍራ። ሁለተኛው ቀን ሰረንጌቲ፤ በዚያው ዕለት ማራ ወንዝ ደርሶ ዊልደቢስት የሚባሉት ቀንዳም ሣር በል አውሬዎች ሲሻገሩና አዞ ሲቀበላቸው ማየት። ሦስተኛው ቀን ዛንዚባር። "አምስቱን ትልልቆች በአንድ ቀን ተኩል ትጨርሷቸዋላችሁ" አለ፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስ እያለ በጣቶቹ ቆጠረ። "ትጨርሷቸዋላችሁ" ያላት ቃል አልተመቸችኝም። አውሬ የሚያዩት ነገር እንጂ የሚጨርሱት ሥራ አይደለም።

ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ በየካቲት ማራ ላይ ምን ይሻገራል?" አሉት።

"ዊልደቢስት ነዋ ጋሼ! በቪዲዮ ሁልጊዜ የሚታየው እኮ ነው።"

"ቪዲዮውማ ሁልጊዜ አለ። እነሱ ግን በየካቲት እዚያ የሉም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል።"

ከዚያ በኋላ የነገሩንን እኔ እንዲህ ነው የያዝኩት። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆነው የዊልደቢስት መንጋ፣ ከሜዳ አህዮች ጋር፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብና ሣር እየተከተለ ይዞራል። ከጥር እስከ መጋቢት ደቡብ ነው፤ ንዱቱ አካባቢ ያለው አጭር ሣር ያለበት ሜዳ ላይ። ግንቦትና ሰኔ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግሩሜቲ ወንዝ ያዘነብላል። ማራን የሚሻገረው ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም ቀኑን የሚያውቅ የለም። ወንዙ ዳር ደርሶ ሲያመነታ ይውልና ተመልሶ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ የሄደ ሰው እንኳ ወንዝ ዳር ሦስትና አራት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። የእኛው ሰው በየካቲት፣ በግማሽ ቀን ሊያሳያቸው ነው ያሰበው።

"ታዲያ በየካቲት ምን ሊያዩ ነው?" አለ የባንኩ ሰው፤ ድምፁ ላይ ያሸነፈ ሰው ኩራት ነበር።

አዛውንቱ ፊታቸው በራ። "ልደቱን ነዋ! አብዛኞቹ ጥጆች በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው የሚወለዱት፤ ብዙ መቶ ሺህ ጥጃ። ጥጃው በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ እናቱን ይከተላል። ጅብና አንበሳ የቱንም ያህል ቢበሉ በአንድ ጊዜ ከተወለደው ሁሉ አይጨርሱትም፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢወለድ ኖሮ ግን አንድም አይተርፍም ነበር። ደግሞ እዚያ ሜዳ የሚሄዱት በአጋጣሚ እንዳይመስልህ። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ሣሩ ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው። እኛ የምታጠባ ላም አሞሌ እናልሳት የለ? እነሱ ራሳቸው ሄደው ያገኙታል።"

ሚስትየው የያዘችውን ፈንዲሻ ረስታ ታዳምጣለች። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። አዛውንቱ አራት ሌሊት ይደሩ ቢሉም የባንኩ ሰው በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፤ "እሺ ወንዙ ይቅር፤ ግን አራት ሌሊት ምን ያደርጋል? የመግቢያው ክፍያ እኮ በየ24 ሰዓቱ ነው የሚቆጠረው" አለ። ካለው ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ይኸኛው ነው፤ ብሩ እውነትም ይከብዳል። ነገር ግን ለፓርኩ የሚሰስተውን ቀን ለዛንዚባር አሸዋ ሲመድብ አልከበደውም።

አዛውንቱ በረጋ ድምፅ መለሱለት። ከአሩሻ እስከ ሰረንጌቲ መሐል፣ እስከ ሰሮኔራ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከንጎሮንጎሮ አፋፍ ወዲያ አስፋልት የለም፤ መኪናው እየተንቀጠቀጠ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይሄዳል። ከሰሮኔራ ማራ ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን። "በሁለተኛው ቀን የምታሳያቸው የመኪናውን መስኮት ነው" አሉት። "በትንሽ አውሮፕላን ይግቡ" አለ ወዲያው፤ ስለ ብር ሲያወራ የነበረው ሰውዬ። "ይቻላል፤ ሻንጣቸው ለስላሳ ይሁን፣ ከ15 ኪሎ አይብለጥ። ግን አንበሳው ደርሳችኋል ብሎ አይነሳላችሁም። ማለዳና ምሽት ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ቀኑን ተኝቶ ይውላል። አቦሸማኔ ስታድን ለማየት አንድ ጉብታ ሥር ሞተር አጥፍቶ መቀመጥ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።"

"ጋሼ ደግሞ ተረቷን ደጋገሟት" አለ የባንኩ ሰው። ሌላ የሚለው ሲያጣ ነው ተረቷ ላይ የመጣው።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ባልና ሚስቱ አዞሩ። ሁለት ሌሊት ንዱቱ፣ ሁለት ሌሊት ሰሮኔራ፤ ለአውራሪስ ሲመለሱ ንጎሮንጎሮ ገደል ውስጥ ግማሽ ቀን። የሎጁ ዋጋ ከከበዳቸው ሰሮኔራ ድንኳን የሚተከልበት ሥፍራ አለ፤ አጥር ግን የለውምና ሌሊት ከድንኳን መውጣት የለም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ይጠየቃል። ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም ይጠየቅ። ፌስታል ተከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አገሪቱ አታስገባም። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ይቅር፤ የጸጸ ዝንብ ይስባል። "የከብቱን በሽታ፣ ገንዲን፣ የምታመጣዋ ዝንብ ናት፤ እኔና እሷ የቆየ ጠብ አለን" አሉ።

የማልረሳው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባልየው እንዲያው ለወግ "ይኼ ሁሉ መንጋ ድሮም እንዲህ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው "አልነበረም። ያለቀውም ከእኛ ደጅ በተነሳ በሽታ ነው" አሉ።

ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ፣ ለጣልያን ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር ነው የመጣው። እኛን በሬ አሳጥቶ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን አመጣብን፤ ወደ ደቡብ ወርዶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማሳይ አርብቶ አደሮችን ከብትና የሰረንጌቲን ዊልደቢስትና ጎሽ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ጥጆቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በፓርኩ ዙሪያ የማሳይ ከብት መከተብ ሲጀምር በሽታው ከዱሩም ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው ዊልደቢስት በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። መንጋው ሲበዛ ሣሩን ጋጠው፤ ሣሩ ሲያንስ ሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳት ሲቀንስ ዛፉ በዛ። ይህ ሁሉ የሆነው የገበሬና የአርብቶ አደር ላም ስለተከተበ ነው።

"እኔም በድርሻዬ አፋር ወርጄ ከትቤያለሁ" አሉ። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ሲመጣ፣ የበረዶ ሣጥን ሳይጎተት፣ ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ ተምረው ይከትቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድረ ገጽ ጠፋ ተብሎ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። "እዚያ ሜዳ ስትደርሱ ጥጃ ቆሞ ሲሄድ ካያችሁ እኔን አስቡኝ" አሏቸው። ሚስትየው ዓይኗን ጠረገች። የባንኩ ሰው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ባልና ሚስቱ በየካቲት ይሂዱ፣ አራት ሌሊት ይደሩ፣ ወንዙን ይተዉት፣ ዛንዚባርን ይተዉት። አውሬው የራሱ ወቅት አለው፤ የሚሄድ ሰው በእሱ ወቅት ይሂድ። የባንኩን ሰው ክፉ ነው አልልም፤ የሰፈራችን ሰው ሁሉ እንደ እሱ ሆኗል። ለቅሶ ቤት አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን በስልክ መስኮት ነው የሚያየው። ልጆቻችን የበልግና የክረምትን ልዩነት ቢጠየቁ ስንቱ ይመልሳል? ዝናብ መቼ እንደሚጥል፣ ላም መቼ እንደምትወልድ የሚያውቅ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ቀን ፎቶ ያነሳ ሰው መሐል ገብቶ ያስተምረናል። እኛም ፎቶውን እየተቀባበልን እናደንቃለን፤ ያወቀውን ግን "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ብለን አንጠይቅም።

በዚያ ቤት ከእሳቸው ጋር ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለናል። አፋር በረሃ ክትባት ተሸክመው መዞራቸውን የሰማሁት ያን ቀን ነው።