ሁለት መቶ ብር ላይ አብርቶ «ይኸው ዩቪ» አለኝ

አሁን ነው ቤት የገባሁት። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ነው፤ ይሁን። ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከባሕር ውኃ ገንዳችን ሦስት ዓሣ ሞተብን ብዬ ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር። ዛሬ አራተኛዋ ሄደች። ሎሚ። ቢጫዋ። ጠዋት ስነሳ ድንጋዩ ሥር በጎኗ ወድቃ አገኘኋት። ክንፏም ሆዷም ላይ ጨው የተነሰነሰባት ነው የሚመስለው። አባዬ ቀድሞኝ ነቅቷል። ወንበሩን ስቦ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያታል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔን ያቃጠለኝ ዝምታው ነው።

ቁርስ ሳልቀምስ ባጃጅ ይዤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወረድኩ። ዩቪ ልገዛ፣ የገንዳው ውኃ ሲያልፍበት ጀርም የሚገድለውን መብራት። ከዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ወር አሳልፌያለሁ፤ ዛሬ ግን በቃኝ።

ሱቁን አልጠራውም። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ «የማይጠፋ ነገር የለም» ብለው ነው የላኩኝ። ልጁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልክ ይነካካል። ሁለት ሰዎች በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ሰላም አልኩ። የውኃ ዩቪ ፈልጌ ነው አልኩ።

«ለምን የሚሆን?»

«ለአኳሪየም። 800 ሊትር ነው። የባሕር ውኃ።»

«ለዓሣ?»

«አዎ፣ ለዓሣ።»

ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ለዓሣ መብራት ልታበራ ነው!» ሦስቱም ሳቁ። ቡናው ሊደፋ እስኪደርስ ሳቁ። «እህቴ፣ ዓሣ ካማረሽ ዓሣ ቤት ሄደሽ ጥብስ እዘዢ፣ ምን አስጨነቀሽ!»

ይሁን፣ ዋጥኩት። ዕቃ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ከመደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደና አቧራውን በእጁ ጠረገ። ውስጡ ክንድ የምታክል ፕላስቲክ ቱቦ አለች። ሶኬት ላይ ሰካት። ሐምራዊ ብርሃን ሱቁን ሞላው። «6 ሺህ 500። ላንቺ 6 ሺህ። ወላሂ ኦርጅናል ነው፣ ጀርም የሚባል አያስተርፍም።»

ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩ። የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 395–405 ናኖሜትር ይላል። በእጄ ይዤዋለሁ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጀርም አይገድልም» አልኩት። «ጀርም የሚገድለው ዩቪ-ሲ ነው። 253.7 ናኖሜትር። ይሄ 405 ይላል፣ ለዓይን የሚታይ ብርሃን ነው። እንዲህ ዓይነቱ አምፖል ሴቶች ጥፍር ቀለም ማድረቂያ ውስጥ ነው ያለው።»

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? መሳቢያውን ከፈተ። ሁለት መቶ ብር አወጣ። ያንን ሐምራዊ ብር ሐምራዊው መብራት ሥር ዘረጋው። ብሩ ላይ የሆነ ነገር አብለጨለጨ። ከፍ አድርጎ አሳየኝ፣ ከዚያ ለሰዎቹ አሳየ።

«ይኸው! ዩቪ ባይሆን ያበራ ነበር?»

«እውነቱን ነው እኮ» አለ አንደኛው ከነስኒው። የማያውቀው ነገር ላይ ፈረደብኝ።

ልጆች፣ ያ እኮ የብር መፈተሻ ነው። ባንክ ገንዘብ የሚቆጥሩት ሠራተኞች ጋ ያለው። ብር ማብለጭለጩ ጥገኛ ተሕዋስ መግደሉን በምን ያሳያል? እውነተኛው ዩቪ-ሲ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ግልጥ አድርጎ ፊታችን ላይ ማብራት ጨርሶ አይቻልም። ዓይን ያቃጥላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል፣ ማታ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስልሃል። ለዚህ ነው እውነተኛው ዕቃ ብርሃን በማያሳልፍ ጠንካራ መያዣ ውስጥ ተዘግቶ የሚመጣው። ውስጡ ያለው ቱቦም ኳርትዝ የሚሆነው ተራ መስታወት ዩቪ-ሲን ስለማያሳልፍ ነው። ይሄን ሁሉ ቀስ ብዬ፣ ሳልቆጣ፣ ነገርኩት። እህት ለወንድሟ እንደምትነግረው።

ሰምቶ ሲያበቃ ምን አለኝ?

«እናቴ፣ ባልሽን ላኪው። ወይ ወንድምሽን። ቴክኒክ ከሚያውቅ ሰው ጋር እንነጋገራለን።»

ባልሽን ላኪው!

ምላሴ ታሰረ። ወላሂ ታሰረ። ካርቶኑን አስቀመጥኩና ወጣሁ። አሁን ነው መልሱ የሚመጣልኝ፤ መንገዱን በሙሉ ባጃጅ ውስጥ ስመልስለት መጣሁ። ያንን ገንዳ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ቧንቧውን የለካሁት፣ የቆረጥኩት፣ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ። 800 ሊትር ውኃ ላይ በሊትር 35 ግራም ሒሳብ 28 ኪሎ ጨው በቁና ሳይሆን በሚዛን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ባሌ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ፓምፑ በየት በኩል እንደሚበራ ጠይቁት እስቲ።

ደግሞ የዛሬው ብቻ አይደለም። ባለፈው የቧንቧ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ቁጥር ጠርቼ ስጠይቅ፣ ሻጩ ከኋላዬ የቆመውን የማላውቀውን ሰውዬ «ምን ያህል ነው የምትፈልጉት?» አለው። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ! ጀነሬተሩ ተበላሽቶ የመጣው መካኒክም እንደዚሁ። ነዳጁን የዘጋው ቆሻሻ ነው ብዬ ነገርኩት። አልሰማኝም። ሁለት ሰዓት ፈታቶ ፈታቶ «ቆሻሻ ነው» አለኝ። ያንኑ ሒሳብ አስከፈለኝ።

ለርካሽ ብዬ የገባሁበትን ጣጣ ደግሞ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ዩቪ ይዛ መጣች። ተባረኪ፣ በሻንጣዋ አንድ ልብስ ቀንሳ ነው ያመጣችው። 110 ቮልት መሆኑን ማንም አላየም። እኔም አላየሁም፣ ደስታው አሳወረኝ። የኛ 220 ነው። ስሰካው ባላስቱ፣ ለአምፖሉ ኃይል የሚመጥነው ክፍል፣ ጧ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ሦስት ቀን ሳሎን ውስጥ ነበር። ቀጥሎ አዲስ አበባ አንድ ሰውዬ «ወር ብቻ የሠራ» ብሎ ያገለገለ ሸጠልኝ። 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ፈታሁት። የኳርትዙ ቱቦ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ቂጥ ነጭ ድንጋይ ጋግሮበታል። በጥፍሬ ፋቅኩት፣ ንቅንቅ አይልም። የአምፖሉ ሁለት ጫፍ ጥቁር ነው። ይሄ ወር የሠራ ነው? ብርሃኑ በዚያ ቅርፊት አልፎ ውኃው ጋ እንዴት ይደርሳል? ስደውል ስልኩን ዘጋው። እስካሁን እንደዘጋው ነው።

የሚያናድደኝ ሻጮቹ ዋትና ዋጋ ብቻ የሚያወሩት ነገር ነው። 36 ዋት፣ 55 ዋት፣ ይሄን ያህል ብር፣ አለቀ። ውኃው በአምፖሉ ፊት ምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብሎ የሚነግርህ የለም። ዋናው እሱ እኮ ነው! ቡናን ውኃ ቶሎ ካሳለፍክበት ጠይም ውኃ ነው የምታገኘው። ለአረንጓዴ ውኃ፣ ለአልጌ፣ ፈጠን ያለ ፍሰት ይበቃል። ጥገኛ ተሕዋስ ግን ጠንካራ ነው፤ ውኃው ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት። ጥሩ አምራች ዕቃው ላይ ሁለቱንም ለይቶ ይጽፋል፣ ለዚህ ይሄን ያህል ሊትር በሰዓት፣ ለዚያ ይሄን ያህል። የርካሹ ካርቶን ላይ ያለው አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። «እስከ 2000 ሊትር!» የምን 2000? ለምኑ? በየትኛው ፓምፕ?

ደሞ ዩቪ ተአምር ነው አላልኩም። ሎሚን የገደላት ኢክ ነው፣ ዓሣ ላይ ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ። ዓሣው ላይ የተጣበቀውን ዩቪ አይነካውም። ተሕዋሱ ጠግቦ ከዓሣው ይወርዳል፣ አሸዋና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ራሱን ይሸፍናል፣ እዚያ ይባዛል። ከአንዱ በመቶ የሚቆጠሩ ይወጡና ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ዩቪ የሚይዘው እነዚህን ዋናተኞች ነው፣ እነሱንም በቱቦው ውስጥ ካለፉ ብቻ። አዲስ ዓሣ ለብቻው ገንዳ ለሳምንታት አቆይቶ ማስገባት ይቀድማል፣ አውቃለሁ። ክላውንፊሽ የሚባሉትን ሁለቱን ዓሣዎች ሳላቆይ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። አባዬ ቸኩሎ ነበር፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ይሄ ጥፋት የኔ ነው፣ ሌሊት ያስነሳኛል። ግን ቢያንስ ቁጥሩ እንዲቀንስ፣ የቀሩት እንዲተነፍሱ ነው የምፈልገው።

ወጪውንም አስልቼዋለሁ። 55 ዋት ሌት ተቀን ሲበራ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እሱን እችላለሁ። አምፖሉ 8 ሺህ፣ 9 ሺህ ሰዓት ቢሠራ ነው፣ ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ይበራል፣ ሰማያዊ ሆኖ ያምራል፣ ግን ጉልበቱ ወርዷል። ስለዚህ በየዓመቱ አምፖል። ኳርትዙ ከተሰበረ ኳርትዝ። ባላስት። ጨው ውኃ የነካው ብሎን ሁሉ ዝገት። «መለዋወጫ አለው ወይ?» ብዬ ስጠይቅ «ሲበላሽ አዲስ ትገዣለሽ» ነው መልሱ። ታዲያ ርካሽነቱ የቱ ጋ ነው?

ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። «ሽጪውና ተገላገዪ» የምትሉኝ አላችሁ፣ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አባዬን ታውቁታላችሁ። ጉልበቱን የጨረሰው አሰብ ወደብ ላይ ነው። በ1983 ዓ.ም. አንድ ሻንጣና እኔን በጀርባው ይዞ ነው የመጣው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ንብረቱ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ስለ ባሕሩ ግን ያወራል። ጅማ አረንጓዴ ናት፣ ዝናቧ አያልቅም፣ አዌቱ ወንዝም አለን፤ ባሕር ግን የላትም። ገንዳውን ውኃ የሞላሁ ቀን ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «እሱ ነው» አለኝ። እንዴት ነው የምሸጠው?

ዛሬ ባዶ እጄን ስገባ ቀና ብሎ አየኝ። «አገኘሽ?»

«የለም አባዬ።»

«ስንት አሉሽ?»

ስለ ሁለት መቶ ብሩ ነገርኩት። ባልሽን ላኪው ያለኝን ግን አልነገርኩትም። ከዘራውን ይዞ ሱቁ ድረስ ይሄዳል፣ አውቀዋለሁ።

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆነው። የአየር ፓምፑን በባትሪ ነው ያበራሁት። ሁለቱን ክላውንፊሾች በስልኬ መብራት አየኋቸው። ትልቋ ጭራ ላይ ሦስት ነጥብ አለ። ማታ አንድ ነበር።

እባካችሁ፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ። 55 ዋት፣ 220 ቮልት። ካርቶኑ ላይ 253.7 ወይም 254 የሚል ቁጥር ካላያችሁ አትግዙልኝ፣ ቢያምርም፣ ሐምራዊ ቢያበራም። ትርፍ አምፖልና ትርፍ ኳርትዝ ቱቦም አስጨምሩ። ብሩን ዛሬውኑ እልካለሁ። በውስጥ ጻፉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አልተኛሁም።