እርማት፦ የመንፈስ መረጋጋት ኢንሱሊንን አይተካም

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደብረ ማርቆስና በቡሬ አካባቢ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ «ስኳር የሚመጣው ከሐሳብ ስለሆነ፣ ጸሎቱንና የእግር ጉዞውን አዘውትሮ ልቡ ያረፈ ሰው መርፌውን ሊተው ይችላል» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው።

ጭንቀት ሲበረታ ሰውነት የሚያመነጫቸው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ቡና ላይ ከሚያዳምጥ ጎረቤት ጋር የልብን ማውጋት ታማሚውን በእርግጥ ይጠቅመዋል። ስሕተቱ መደምደሚያው ላይ ነው። በ1ኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ስለሚጠፉ፣ መረጋጋት አይመልሳቸውም፤ መርፌውን ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ ኪቶን የተባለው አሲድ በደሙ ተከማችቶ፣ እያስመለሰውና ትንፋሹ እየፈጠነ፣ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር የኢንሱሊን ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ሸክላ አኑራ ሰዓቷን ጠብቃ የምትወጋ እናት፣ ለእኔ ራስን የመንከባከብ ትልቁን ሥራ እየሠራች ነው።

ደኅና ነኝ ማለት ማስረጃ ስለማይሆን፣ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም ማለዳ በባዶ ሆድ ስኳራችሁን ለክታችሁ መዝግቡ፤ ያለፉትን 3 ወራት ገደማ የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ምርመራም በቀጠሯችሁ ጠይቁ። በዚያ የተሳሳተ አስተያየት መርፌውን ያቆመ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት።