ወፍ ጥበቃ

አጎቴ ሸዋሮቢት አጠገብ የማሽላ እርሻ ነበረው። ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ እኛ ልጆች ማማ ላይ እንወጣለን። ወንጭፍ በእጅ፣ ጠጠር በኪስ። ከንጋት እስከ ምሽት እየጮኽን ግሪሳ እናባርራለን። ግሪሳ ከድንቢጥ አትበልጥም። ግን ብቻዋን አትመጣም፤ እንደ ደመና ነው የምትወርደው። ሲብስ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት ያስረጫል። የእኛ ሥራ ስሙ «ወፍ ጥበቃ» ነው። የሚጠበቀው ግን ማሽላው ነው። ወፏማ ሌባዋ ናት።

ይኼን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሜሪላንድ ከጎኔ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ስንተዋወቅ፣ «የወፍ ጥበቃ ማኅበር አባል ነኝ» አሉኝ። በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ በዚያ ዕድሜያቸው ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ታዩኝ።

መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ፓርክ ይዘውኝ ሄዱ። ቀስ በቀስ ለመደብኝ። ኋላ ኦቨርታይም እየሠራሁ እስያ ድረስ ተከተልኳቸው። ቡና የምንጠጣበት ቤት ጓደኞቼ ሲሰሙ «ወፍ ለማየት? ወፈፍ አድርጎሃል እንዴ?» አሉኝ። ሌላው ደግሞ ቀበል አድርጎ «ሄደህ ወፍ የለም ቢሉህስ?» አለ። እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል።

መጀመሪያ የሄድነው ሕንድ ነው። ራጃስታን ውስጥ፣ ከአግራ ብዙም ሳይርቅ፣ ባራትፑር የምትባል ከተማ አለች። ፓርኩ ኬዎላዴዎ ይባላል፤ ስፋቱ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናህን በር ላይ ትተህ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በሪክሾ ትገባለህ። ሪክሾ ስል ባጃጅ እንዳይመስላችሁ። በፔዳል የሚነዳ ባለ ሦስት እግር ነው።

የእኛ ባለሪክሾ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ። መሪው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ የወፍ መጽሐፍ ታስሯል። ጠርዙ በአውራ ጣታቸው ወዝ ጠቁሯል። እየነዱ ድንገት ያቆማሉ፤ አንድ እግራቸውን መሬት ያስነኩና በአገጫቸው ያመለክታሉ። አንድ ጊዜ ያመለከቱን የዛፍ ሽንቁር ነበር። ለእኔ ቅርፊት ብቻ ነው። አየሁ፣ አየሁ፣ ምንም። ቆይቶ ቅርፊቱ ዓይኑን ጨፈነ። ለካ ሁለት ጉጉቶች ተጠጋግተው ተቀምጠው ኖሯል።

ድምፅ ሲሰሙ ዞር አይሉም። ፔዳላቸውን እየረገጡ የወፉን ስም በእንግሊዝኛ ይጠራሉ። ጎረቤቴ መጽሐፍ ገልጠው ያረጋግጣሉ። ልክ ነው። ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ አቁመዋል። ይኼን ሁሉ የት ተማሩት ብዬ ብጠይቃቸው «ልጅ ሆኜ እዚህ ከብት አግድ ነበር» አሉኝ።

እዚህ ጋ ዝም አልኩ። እኔም የማማ ልጅ ነኝ።

ነገሩ ግን ሁሉም እልልታ አይደለም። ቦታው ድሮ የባራትፑር ንጉሥ ማደኛ ነበር። አንድ ድንጋይ ቆሟል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የተገደለው ወፍ ቁጥር ተቀርጾበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1938 ላይ የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ሊንሊትጎ መጣና በአንድ ቀን 4,273 ወፍ ወደቀ። ሁለቴ አነበብኩት፤ ዜሮ የጨመርኩ መስሎኝ። ኋላ ፓርክ ሲሆን ደግሞ፣ በ1982፣ ግጦሽ ተከለከለ። ገበሬው ተቆጣ፤ ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ። የሚገርመው የቤት ጎሾቹ ከወጡ በኋላ ሣሩ ውሃውን አፈነው፤ ወፎቹም ተቸገሩ። ከብቱ ጠላት ነው ብለው ያስወጡት ምሁራን ከብቱ ሣሩን ሲያጭድላቸው እንደኖረ ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው። እረኛን ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር።

የዛሬው መልክ ሌላ ነው። ፓርኩ ባለሪክሾዎቹን አሠልጥኖ አስጎብኚ አደረጋቸው። ፈረንጁ ፕሮፌሰር ከኋላ ተቀምጦ ከፊት ያለውን ሰው «ያ ምንድነው?» ይላል። እኔ ከወፎቹ ይልቅ ይኼን ነገር ሳይ ዋልኩ ብል ይሻላል።

በነገራችን ላይ ያ 1938 የሚባል ዓመት ከእኛም ጋር ጉዳይ አለው። ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት በዚያ ዓመት አንድ ጣሊያናዊ ሳይንቲስት ከያቤሎ አካባቢ የተገኘች ወፍ ለዓለም አስተዋወቀ። በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያላት፣ የቁራ ዘመድ ናት። በዓለም ላይ ከቦረና ሌላ አገር የላትም። መጠሪያዋ ግን የሁለት ሰዎች ነው። ሳይንሱ ዛቫታሪ በሚባል ጣሊያናዊ፣ እንግሊዝኛው ሽትሬሰማን በሚባል ጀርመናዊ ይጠራታል። የነገሌ አካባቢዋ ቆንጆ ወፍ ደግሞ የልዑል ሩስፖሊ ትባላለች። ሩስፖሊ ጣሊያናዊ አገር አሳሽ ነበር፤ በ1893 እዚያው ደቡብ ውስጥ ዝሆን ገደለው። ወፏ ከሻንጣው ውስጥ ተገኘች፤ ከየት እንዳመጣት የጻፈው ነገር አልነበረም። ሰዎች ለብዙ ዓመት አገሯን ፈለጉ። እዚያ ከብት የሚያግደው ልጅ ግን በየቀኑ ያያታል። እሱን ማን ይጠይቀው?

ሁለተኛው ጉዟችን ጃፓን ነበር፤ ሆካይዶ፣ ጽሩዊ የምትባል መንደር። ብርዱን አልተርክላችሁም። ክሬን ለማየት ነው የሄድነው። ክሬን ስል ሕንፃ ላይ የሚቆመው ማሽን አይደለም፤ ከሽመላ የሚገዝፍ፣ አናቱ ቀይ፣ ነጭ ወፍ ነው። ከንጋት በፊት ድልድይ ላይ ቆመን ወንዙ ላይ እንፋሎቱ ሲነሳ፣ ከእንፋሎቱ ውስጥ አንገት ብቻ ይወጣል። አንድ መቶ የሚሆን ካሜራ አንዴ ቀጭ ቀጭ ሲል ግሪሳ ከማሽላ የተነሳች ይመስላል።

እዚያ ወፉ ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ተቆርጦ ነበር። በ1952 ሲቆጠር 33 ብቻ። በዚያ ክፉ ብርድ የአካባቢው ገበሬዎችና ተማሪ ልጆች በቆሎ በተኑለት። ዛሬ ከ1 ሺህ አልፏል። ታዲያ አሁን ከከብት መኖ እየሰረቀ ገበሬውን ማማረር ጀምሯል። መንግሥትም የሚበትነውን በቆሎ እየቀነሰ ነው። አንድ የወተት ከብት አርቢ ስለ ክሬን ሲያወራ የፊቱ አኳኋን የአጎቴን አስታወሰኝ። ቋንቋውን ባልሰማም ስድቡ ገብቶኛል።

ስመለስ እስራኤል ገባሁ፤ እሷም እስያ ናት። አፉላ የሚኖር የጎንደር ልጅ ወዳጅ አለኝ። እናቱን ይዘን ወደ ሰሜን፣ ሑላ ሸለቆ ወጣን። ረግረጉን በ1950ዎቹ አደረቁት፤ መሬቱ ተበላሸና በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ አጠጡት። አሁን በብርዱ ወራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ግራጫ ክሬን ያድርበታል። ገበሬዎቹ ብልጥ ናቸው። ለወፎቹ ለብቻ በቆሎ ይሰጧቸዋል፤ ለውዛቸው እንዳይነካ። ማሽላውንም ወፉንም አንድ ላይ መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው። እኛ ማማ ላይ ይኼ አልታየንም። በእርግጥ እኛ ለወፍ የሚተርፍ ማሽላ አልነበረንም።

ከክሬኖቹ ሑላ የማይቀሩት ጉዟቸውን ቀጥለው ጣና ዳር ይከርማሉ። ይኼን ስነግራቸው እማማ «አውቃለሁ» አሉ። ልጅ ሆነው ሽመላ ባለፈች ቁጥር ቀና ብለው ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ እያሉ ይጠይቋት እንደነበር ነገሩን። የመንደሩ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ይጮኽ ነበር። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሜዳውን አዩ። «አሁን ደግሞ ስለ ጎንደር እጠይቃታለሁ» አሉ።

ባለፈው ጥቅምት አገር ቤት ገባሁ። አጎቴ የለም፤ ማማው ግን አለ። ላዩ ላይ የልጅ ልጁ ተቀምጧል፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጎረቤቴ አሮጌ ባይኖኩላራቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት። መጀመሪያ ገልብጦ ያዘው። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ወፉን ያርቀዋል እንዴ?» አለ። አስተካከልኩለት። ከዚያ ዝም። አፉ ተከፈተ።

የምታየውን ንገረኝ አልኩት። ዋኔ አለ። ጭልፊት አለ። ከግራሩ ላይ ግንደ ቆርቁር። ከዚያ እኔ ሰምቼ የማላውቃቸውን ሦስት ስሞች ጠራ። አንዷን የት እንደምትተኛ፣ ስንት እንቁላል እንደምትጥል፣ ጎጆዋን የምትሠራው ከምን እንደሆነ ነገረኝ። ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን መጻፍ ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ፊደሉን እንዳላበላሽ «እንደገና በለው» አልኩት።

አልሰማኝም። ባይኖኩላሩን ወደ ማሽላው ጥግ አዙሯል።

«ግሪሳ!»

ባይኖኩላሩን እጄ ላይ ወረወረልኝና ወንጭፉን አነሳ።